በግራናይት ውስጥ ያለ ቬይን ከምን ውሃ ተሠራ? ከመስክ እስከ ስሌት በስቴብል አይሶቶፕ

"የኳርትዜ ዴልታ ኦክስጅን 12 ወጣ። ማግማዊ ነው አይደል?"

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት በግራናይት ስንጥቅ ውስጥ ኳርትዝ የተባለውን ማዕድን የሠራው ውሃ ከማግማ፣ ከቀለጠ ዓለት፣ መውጣቱን ነው፤ ዴልታ ምን እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ። አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን አያይዞ ይልክልኛል፣ ሌላዋ ደግሞ የኤክሴል ሠንጠረዧን ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። መልሴ ሁሌም ጥያቄ ነው፦ ኳርትዙ ያደገው በስንት ዲግሪ ነው? በ350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ፣ የሠራው ውሃ ዴልታ 6.7 አካባቢ ነበር። ይህ ከማግማ የወጣ ውሃ ሊሆን ይችላል። በ200 ዲግሪ ከሆነ ግን ውሃው 0.3 ነበር። ይህን ማግማ ብቻውን አይሰጥም። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ታሪኩ ሁለት።

ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቦታ ልጻፈው። አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው ናሙናው ላብራቶሪ (ባጭሩ ላብ) ከመግባቱ በፊት ነው፤ ለዚህ ነው ከማሽኑ ይልቅ በመዶሻውና በወረንጦው ላይ ረዘም ብዬ የምቆየው።

ቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ

ቬይን የምንለው ዓለቱ ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ትኩስ ውሃ አልፎ፣ ውሃው ተሸክሞት የነበረውን ማዕድን ጥሎ ሲሄድ የሚቀረው ነው። ውሃው ሄዷል፣ በእጃችን ያለው ኳርትዙ ነው። ኦክስጅን ግን በሁለቱም ውስጥ ስላለ ኳርትዙ የውሃውን ምልክት ይዞ ቀርቷል።

ኦክስጅን ቀላል አለው፣ 16። ከባድም አለው፣ 18፤ እንዲህ በክብደት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች አይሶቶፕ ይባላሉ። ሁለቱም በጊዜ ብዛት አይፈራርሱም፤ ስቴብል የተባሉት ለዚህ ነው። ዴልታ ማለት ናሙናችሁ ውስጥ የከባዱ ድርሻ ከመለኪያው በሺህ ስንት እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ የሚናገር ቁጥር ነው። አሃዱ ፐር ሚል ይባላል። ለኦክስጅንና ለሃይድሮጅን መለኪያው የውቅያኖስን ውሃ የሚወክለው ቪ-ስሞው ነው። ለካርቦን ቪ-ፒዲቢ፣ ለሰልፈር ደግሞ ቪ-ሲዲቲ።

ኳርትዝና ውሃ አብረው ሲሆኑ ከባዱ ኦክስጅን ወደ ኳርትዙ ያደላል። ሙቀቱ በቀነሰ ቁጥር ማድላቱ ይበረታል። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ የቆመው በዚህች ነገር ላይ ነው።

ምሳሌዬን ከደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከኮርንዎል ነው የምወስደው። እዚያ ከ295 እስከ 270 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የገባ ግራናይት አለ። በዚያው አካባቢ የተለያዩ ውሃዎች ምልክታቸውን ጥለዋል። በአብዛኛው ወደ ምሥራቅ ምዕራብ የሚያዘነብሉት የቆርቆሮና የመዳብ ቬይኖች ከግራናይቱ ሙቀት ጋር የተያያዙ ናቸው። ወደ ሰሜን ደቡብ የሚሄዱት እርሳስና ዚንክ የያዙት ግን ብዙ ቆይተው፣ ከ200 ዲግሪ በታች፣ ከደለል ተፋሰሶች በመጣ በጣም ጨዋማ ውሃ ነው የተሠሩት። በሴንት ኦስትል ያለው ነጭ ሸክላ፣ ካኦሊናይት፣ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመው የሼፐርድ የአይሶቶፕ ሥራ ይህ ሸክላ የዝናብ ውሃ ምልክት እንዳለው አሳይቷል። ሳይለዩ ሰብስቦ አማካይ ማውጣት ማለት ሦስት የተለያዩ ሰዎችን ፎቶ ደራርቦ የአንድ ሰው መልክ እንደመፈለግ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

ለመስክ፦
- መዶሻና መሮ፣ የዓይን መከላከያ መነፅር፣ ጓንት
- ባለ 10 እጥፍ የእጅ አጉሊ መነፅር
- ኮምፓስ፣ ጂፒኤስ፣ ደብተር
- የማይለቅ ማርከርና ወፍራም የናሙና ከረጢት። ቀጭን ፌስታል በዓለት ጠርዝ ይቀደዳል፣ ናሙናዎችም ይደባለቃሉ።

ለዝግጅት፦
- የብረት ሙቀጫና ዘነዘና፣ ወይም መፍጫ ማሽን
- የ0.25 እና የ0.5 ሚሊ ሜትር ወንፊት
- ጠንካራ ማግኔት፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ፣ ባለ ሁለት ዓይን ማይክሮስኮፕ
- የተጣራ ውሃ፣ አልኮል፣ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ናይትሪክ አሲድ
- የአሲድ ጭስ የሚስብ ሳጥን፣ የአቧራ ማስክ፣ ክዳን ያላቸው ትንንሽ የመስታወት ብልቃጦች

ማስ ስፔክትሮሜትር፣ አይሶቶፖቹን የሚለካው ማሽን፣ አያስፈልጋችሁም። እሱ የላቡ ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ መስመር ጻፉ

"የቬይኑን አመጣጥ ማጥናት" ጥያቄ አይደለም። "ካሲቴራይት (የቆርቆሮ ማዕድን) የያዘው ኳርትዝ ከማግማ በወጣ ውሃ ነው ወይስ በዝናብ ውሃ የተሠራው?" ይህ ጥያቄ ነው። ምን እንደምታስለኩ የሚወስነው እሱ ነው።

የውሃውን ምንጭ ከፈለጋችሁ ኦክስጅንን ከኳርትዝ፣ ሃይድሮጅንን ደግሞ ሃይድሮጅን ካላቸው ማዕድናት፣ ከሙስኮቫይት (ነጭ ሚካ) ወይም ከቱርማሊን ውሰዱ። የሰልፈሩን ምንጭ ከፈለጋችሁ ሰልፋይዶቹን፣ ማለትም ሰልፈር የያዙትን ማዕድናት፦ ፓይራይት፣ ጋሊና፣ ስፋለራይት። ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን) ካለ ካርቦንና ኦክስጅን አንድ ላይ ይለካሉ።

ለውሃ ጥያቄ ኦክስጅን ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱን ላስረዳ። ዓለት ራሱ ግማሽ ያህል ክብደቱ ኦክስጅን ነው። ዝናብ ወደ ጥልቀት ወርዶ ከትኩስ ግራናይት ጋር ለረጅም ጊዜ ከቆየ ኦክስጅኑ የግራናይቱን መልክ ይይዛል። ሃይድሮጅን ግን ግራናይት ውስጥ በጣም ትንሽ ስለሆነ የውሃው ሃይድሮጅን ብዙም አይለወጥም። አንዱ ሲሸፍን ሌላው ያጋልጣል። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ የናሙናውን ብዛት ቀንሱና ሁለቱንም አስለኩ።

ደረጃ 2፦ በመስክ አራት ነገር ውሰዱ፣ አንድ አይደለም

በኮርንዎል ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ፔራንፖርት አጠገብ፣ ክሊጋ ሄድ የሚባል የባሕር ገደል አለ። ፈዛዛው ግራናይት ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮች ጎን ለጎን ተደርድረው ይታያሉ። ጠጋ ብላችሁ አንዱን ስታዩት መሃሉ ላይ ቀጭን የኳርትዝ መስመር አለ። አልፎ አልፎ ጥቁር ዎልፍራማይት (የተንግስተን ማዕድን) ወይም ካሲቴራይት ተሰክቶበታል። ከግራና ከቀኙ ግራጫ ጠርዝ አለው። ይህ ግራይዘን ይባላል። እዚያ ላይ ሌላው የግራናይቱ ዋና ማዕድን፣ ፌልድስፓሩ፣ ጠፍቶ ኳርትዝና የሚያብለጨልጭ ሙስኮቫይት ተተክቷል። ራቅ ሲል ዓለቱ ወደ መደበኛው ግራናይት ይመለሳል።

ይህን በሚመስል ቬይን ላይ የሚወሰዱት እነዚህ ናቸው፦
- የቬይኑ መሃል
- ግራይዘኑ
- ግራይዘኑ ወደ ግራናይት የሚቀየርበት ቦታ
- ከማንኛውም ቬይን ብዙ ሜትር የራቀ፣ ያልተነካ ግራናይት

አራተኛውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። እኔ ግን አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ከቬይኑ ቀጥሎ የምመርጠው እሱን ነው። ግራናይቱ ከምን ተነሣ የሚለውን ካላወቃችሁ ማግማው ምን ዓይነት ውሃ ሊሰጥ ይችል እንደነበር አታውቁም። ደረጃ 10 ላይ ዋጋውን ታዩታላችሁ።

ቬይን ቬይንን ሲቆርጥ ካያችሁ ቆም በሉ። ፎቶ አንሡ፣ በእጃችሁም ሳሉት። የተቆረጠው ቀዳሚ ነው፣ የቆረጠው ተከታይ። አቅጣጫውንም በኮምፓስ ጻፉ። ኮርንዎል ላይ የሰሜን ደቡቡን ከምሥራቅ ምዕራቡ የለየው መጀመሪያ ኮምፓስ ነው፣ አይሶቶፕ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ የባሕር ገደል ሥር ስትሠሩ የማዕበሉን ሰዓት ሳታጣሩ አትውረዱ። ክሊጋ ሄድ ጥበቃ የሚደረግለት ቦታ ስለሆነ ያለ ፈቃድ መዶሻ አይነሣም። አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ፤ አየሩም ጣሪያውም አይታመንም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የምትሠሩ፣ ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበትን የላይኛውን ዓለት ተዉት። ፌልድስፓሩ በጥፍር ሲፋቅ ዱቄት ከሆነ ወይም ስንጥቁ ዝገት የመሰለ ቀለም ካለው የምትለኩት የኋላውን መበስበስ ነው። አዲስ የተቆረጠ መንገድ፣ የድንጋይ ካባ ወይም የቁፋሮ ኮር ፈልጉ።

ደረጃ 3፦ ትውልዶቹን ለዩ

አንድ ቬይን አንድ ጊዜ ብቻ አይሞላም። ይሰነጠቃል፣ ይሞላል፣ እንደገና ይሰነጠቃል። በዓይን አንድ ነጭ ኳርትዝ የሚመስለው ሦስት ትውልድ ሊሆን ይችላል።

ከእያንዳንዱ ቬይን ቲን ሴክሽን፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ የሳሳ የዓለት ቁራጭ፣ አሠሩ። በማይክሮስኮፕ ማን በማን ላይ እንዳደገ፣ ማን ማንን እንደቆረጠ እዩ። ካቶዶሉሚነሰንስ (ማዕድን በኤሌክትሮን ሲመታ የሚሰጠውን ብርሃን የሚያሳይ መሣሪያ) ያለው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ፤ ኳርትዙ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት የእድገት ንብርብሩን ያሳያችኋል። ከዚያ ቀለል ያለ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ኳርትዝ አንድ ከካሲቴራይት ጋር፣ ኳርትዝ ሁለት ከሰልፋይድ ጋር፣ ኳርትዝ ሦስት ባዶ ስንጥቅ የሞላ።

ይህን ካልሠራችሁ ላቡ የሚሰጣችሁ የሦስቱን ድብልቅ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር በየትኛውም ዘመን የነበረ ውሃን አይወክልም። ንብርብሮቹ በወረንጦ የማይለዩ ቀጫጭን ከሆኑ ደግሞ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ስፋት ያላት ነጥብ ላይ የሚለካ አዮን ፕሮብ አለ። ውድ ነው፣ ግን ችግሩን የሚፈታው እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ሙቀቱን አግኙ

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህን ደረጃ እንዳትዘሉ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ፍሉይድ ኢንክሉዥን ነው። ኳርትዝ ሲያድግ የውሃ ጠብታ ውስጡ ታሽጎ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ ጠብታዋ ውስጥ የአየር አረፋ የመሰለች ነገር ትፈጠራለች። ሁለቱም ፊቱ የተወለወለ ቀጭን ቁራጭ ማሞቂያ ያለው ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀምጣችሁ ቀስ በቀስ ስታሞቁት አረፋዋ ታንሳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ድንገት ትጠፋለች። የጠፋችበት ሙቀት ኳርትዙ ካደገበት ሙቀት ጋር እኩል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ማለትም ዝቅተኛው ገደብ ነው፤ ጥልቀቱ የፈጠረው ግፊት ሲታሰብ ትክክለኛው ሙቀት ከፍ ይላል። ይህን ጽፋችሁ ያዙ።

እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። በስንጥቅ መስመር ላይ ተሰልፈው የምታገኟቸው ጠብታዎች ኳርትዙ ካደገ በኋላ የገቡ ናቸው። የእድገት ንብርብሩን ተከትለው ያሉትን ብቻ ለኩ።

ሁለተኛው መንገድ አብረው ያደጉ ሁለት ማዕድናት ናቸው። ለምሳሌ ስፋለራይትና ጋሊና ተነካክተው፣ አንዱ ሌላውን ሳይበላ ካደጉ የሰልፈር ልዩነታቸው ሙቀቱን ይናገራል፦

የሁለቱ ልዩነት = 0.73 × 1,000,000 ÷ (ሙቀት በኬልቪን × ሙቀት በኬልቪን)

ልዩነቱ 2.0 ከሆነ ሙቀቱ 331 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል። ግን ልዩነቱ በ0.3 ብቻ ቢሳሳት፣ 1.7 ወይም 2.3 ቢሆን፣ መልሱ ከ382 እስከ 290 ይወዛወዛል። ስለዚህ ይህን መንገድ ከፍሉይድ ኢንክሉዥኑ ጋር አመሳክሩት እንጂ ብቻውን አትደገፉበት።

ደረጃ 5፦ ፍሬ ልቀሙ

ሽሮ ከመፈጨቱ በፊት ጠጠር እንደሚለቀመው ሁሉ እዚህም ትዕግሥት ነው የሚያዋጣው።

ዓለቱን ጨፍልቁት እንጂ አታልሙት። ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ያለውን በወንፊት ለዩ። ከዚያ ካነሰ በዓይን መለየት ይከብዳል፣ ከበለጠ ደግሞ አንዷ ፍሬ ሁለት ማዕድን ትይዛለች። በወረቀት የተጠቀለለ ማግኔት ከላዩ አሳልፉ፤ ከሙቀጫው የተፋቀውን ብረት ይወስድላችኋል።

አሁን ፍሬዎቹን በትንሽ ሳህን አልኮል ውስጥ ንከሯቸው። ይህ ብልሃት ብዙ ሰው አያውቀውም። ደረቅ ሆኖ ሁሉም ነጭ የሚመስለው፣ አልኮል ውስጥ ሲገባ ይለያያል። ኳርትዙ ውስጡ እስኪታይ ጥርት ይላል፤ ስብራቱ እንደተሰበረ ጠርሙስ ጠመዝማዛ ነው። ፌልድስፓር ደመና የመሰለ ብዥታ አለው፤ ሳህኑን ስታዞሩት ጠፍጣፋ ገጹ እንደ ትንሽ መስታወት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ብልጭ ያለችውን አውጧት። የተጠራጠራችሁባትንም አውጧት።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ በቁጥር ላሳያችሁ። በሌዘር የሚሠራ ላብ ለአንድ ልኬት 2 ሚሊ ግራም ገደማ ኳርትዝ ይበቃዋል። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆኑ ፍሬዎች ከሆኑ ያ ስድስት ፍሬ ነው። ስድስት ብቻ! አንድ ጊዜ የራሴ ናሙና ሁለቴ ተለክቶ 11.8 እና 10.5 መጣልኝ። ለብዙ ቀን ማሽኑን ስጠረጥር ቆየሁ። የተረፉትን ፍሬዎች መልሼ ሳያቸው ከኳርትዙ መካከል ኋላ የተበላሸ ፌልድስፓር አገኘሁ። ዴልታው 4 የሆነ አንድ ፍሬ ከአምስት የ11.8 ፍሬዎች ጋር ቢገባ አማካዩ ልክ 10.5 ይሆናል።

ሙስኮቫይት ለመለየት ቀላሉ መንገድ ወረቀት ነው። ፍሬዎቹን ሻከር ባለ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ስታዘነብሉት ክቡ ይንከባለላል፣ ጠፍጣፋው ሚካ ተጣብቆ ይቀራል።

ማስጠንቀቂያ፦ የኳርትዝ አቧራ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል። ስትጨፈልቁ ማስክ ልበሱ፣ ጠረጴዛውንም በደረቅ ጨርቅ አታራግፉ፣ በእርጥብ ጥረጉ። ጋሊና እርሳስ አለው። በቆርቆሮ ቬይኖች የሚበዛው አርሰኖፓይራይት ደግሞ አርሰኒክ አለው። እጃችሁን ሳትታጠቡ አትብሉ፣ ቡና አትጠጡ።

ደረጃ 6፦ እጠቡ

ለኳርትዝ፦ ካልሳይት ካለበት በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ አረፋው እስኪያቆም። ሰልፋይድ ካለበት ለብ ባለ ናይትሪክ አሲድ። ከዚያ በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ አጥባችሁ አድርቁ። ኳርትዝ እነዚህን አሲዶች ይችላል፣ ዴልታውም አይነካም።

ለሙስኮቫይት፦ አሲድ የለም። በተጣራ ውሃና በአልኮል ብቻ። ሃይድሮጅኑን ነው የምንፈልገው፣ ስለዚህ በከፍተኛ ሙቀትም አታድርቁት። በላዩ የተጣበቀውን የአየር እርጥበት ላቡ በቫኪዩም ውስጥ ያስወግደዋል፤ መደረጉን ግን ጠይቁ።

ለመለካት የምትፈልጉት ካልሳይቱን ከሆነ አሲድ በአጠገቡ አይድረስ። ግልጽ ይመስላል፣ ግን ሁሉንም ብልቃጥ በአንድ ሰልፍ ያጠበ ሰው ካልሳይቱን አሟሙቶ ሲያበቃ አይቻለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰልፋይድ ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስታፈሱ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ናይትሪኩም ቡናማ ጭስ አለው። ሁሉንም ጭስ በሚስበው ሳጥን ውስጥ ሥሩ። ስታቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አትጨምሩ። ፌልድስፓርን ለማጥፋት ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ተጠቀሙ የሚል ምክር ብታነቡ፣ ሠልጥኖ የሚያውቅ ሰውና የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት አጠገባችሁ ከሌለ አትንኩት። ቆዳ ላይ መጀመሪያ ሳያቃጥል ወደ ውስጥ ይገባል። ወረንጦው ይበቃችኋል።

ደረጃ 7፦ ወደ ላብ ላኩ

ከሚያስፈልገው በላይ ላኩ። ኳርትዝ 20 ሚሊ ግራም ብትልኩ ለድግግሞሽ ይተርፋል። በብልቃጡ ላይ ቁጥር ብቻ ጻፉ፤ የምትጠብቁትን መልስ አትጻፉ።

ሳትልኩ በፊት ላቡን ሦስት ነገር ጠይቁ። ኦክስጅኑን በምን ያወጣሉ? ለኳርትዝ የተለመደው ብሮሚን ፔንታፍሎራይድ የሚባል እጅግ አደገኛ ኬሚካል ነው፣ በሌዘር ወይም በማሞቂያ። ከናሙናው ጋር የትኛውን መመዘኛ ያስኬዳሉ? ለኳርትዝ ኤንቢኤስ 28 የታወቀ ነው፣ ዋጋው +9.6። የድግግሞሽ ስሕተታቸው ስንት ነው? ለኦክስጅን ከ0.1 እስከ 0.2፣ ለሃይድሮጅን ከ2 እስከ 3፣ ለሰልፈር 0.2 ገደማ ከሆነ ደህና ነው።

ደረጃ 8፦ ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ መመዘኛውን እዩ

የራሳችሁን ቁጥር ለማየት እንደምትጓጉ አውቃለሁ። ቆዩ። ኤንቢኤስ 28 በዚያ ቀን 9.6 አካባቢ ወጥቷል? ድግግሞሾቹ ይቀራረባሉ? ከኳርትዙ የወጣው የጋዝ መጠን ከሚጠበቀው ጋር ይገጥማል? ጋዙ ከጎደለ ኳርትዙ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም፣ ወይም ናሙናው ኳርትዝ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለውን ቁጥር ጣሉት፣ ለሐሳባችሁ ቢመችም።

ደረጃ 9፦ ውሃውን አስሉ

ለኳርትዝና ለውሃ፣ ከ200 እስከ 500 ዲግሪ፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በሰፊው የሚሠራበት የክሌይተንና የባልደረቦቹ ቀመር ይህ ነው፦

ልዩነት = 3.38 × 1,000,000 ÷ (ኬልቪን × ኬልቪን) − 3.40
የውሃው ዴልታ = የኳርትዙ ዴልታ − ልዩነት

ሴንቲግሬድ ላይ 273.15 ደምሩ። ይህን ረስቶ የሚያሰላ ብዙ ነው።

ኳርትዙ 12.0 ይሁን። ቁጥሩ ለልምምድ የያዝኩት ነው።
- በ200 ዲግሪ ልዩነቱ 11.7፣ ውሃው 0.3
- በ250 ዲግሪ ልዩነቱ 8.9፣ ውሃው 3.1
- በ300 ዲግሪ ልዩነቱ 6.9፣ ውሃው 5.1
- በ350 ዲግሪ ልዩነቱ 5.3፣ ውሃው 6.7
- በ400 ዲግሪ ልዩነቱ 4.1፣ ውሃው 7.9

በ300 ዲግሪ አካባቢ የ25 ዲግሪ ስሕተት ውሃውን በ0.9 ያንቀሳቅሰዋል። የላቡ ስሕተት ግን 0.2 ነው። ዋናው ስሕተት ከማሽኑ ሳይሆን ከሙቀቱ እንደሚመጣ አያችሁ? ለዚህ ነው ደረጃ 4 ላይ የለመንኳችሁ። ሌሎች ቀመሮችም አሉ፣ መልሳቸው ይቀራረባል። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው እሱን ተጠቀሙ።

ለሙስኮቫይት ሃይድሮጅን ነገሩ ይገለበጣል፣ ከባዱ ሃይድሮጅን ወደ ውሃው ያደላል። በሱዙኦኪና ኤፕስታይን ቀመር በ450 ዲግሪ ልዩነቱ −23 ነው። ሚካው −70 ከሆነ ውሃው −47 ነው። ምልክቱን ከገለበጣችሁት −93 ታገኛላችሁ፣ ማግማዊውን ዝናብ አደረጋችሁት ማለት ነው። ይህ ቀመር የተሠራው ከ450 እስከ 800 ዲግሪ ላለው ነው። ከዚያ በታች ስትጠቀሙበት እንዳራዘማችሁት ጻፉ።

ደረጃ 10፦ ሣሉና አንብቡ

ኦክስጅንን በአግድም፣ ሃይድሮጅንን በቁም አድርጉ። የዝናብ መስመሩን አስምሩ፦ ሃይድሮጅን = 8 × ኦክስጅን + 10። ከዚያ የማግማ ውሃ ሳጥኑን ጨምሩ፤ በመማሪያ መጻሕፍት ኦክስጅኑ ከ5.5 እስከ 9 ገደማ፣ ሃይድሮጅኑ ከ−40 እስከ −80 ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ኳርትዝ 12፣ ሙቀት 350፣ ውሃ 6.7። ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ማግማዊ ብላችሁ ልትጽፉ ነው። ግን ያ ሳጥን የናንተ ግራናይት አይደለም! የኮርንዎል ግራናይት ከቀለጠ ደለል የመጣ ስለሆነ ዴልታው ከፍ ያለ ነው፣ 10 እና ከዚያ በላይ። ግራናይቱ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 12 ቢሆን፣ በማግማ ሙቀት በኳርትዝና በውሃ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 እስከ 2 ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ማግማ የወጣ ውሃ ከ10 እስከ 11 አካባቢ ይሆናል። 6.7 ከዚህ በእጅጉ ያንሳል።

ታዲያ ምንድን ነው? ወይ ዝናብ ተቀላቅሎበታል፣ ወይ ውሃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ በ350 ዲግሪ ከግራናይቱ ጋር ኦክስጅን ሲለዋወጥ ቆይቷል። ሁለቱን የሚለያቸው ሃይድሮጅኑ ነው። ሃይድሮጅኑ በማግማው ክልል ከቀረ መለዋወጥ ነው ብላችሁ መከራከር ትችላላችሁ። ወደ ዝናብ መስመሩ ከተሳበ መቀላቀል ነው። ከመጀመሪያው ኳርትዝ ወደ ሦስተኛው ስትሄዱ ነጥቦቹ በየደረጃው ወደ ዝናቡ ከተንሸራተቱ ደግሞ ሥርዓቱ ሲቀዘቅዝ የላይኛው ውሃ እየገባ መሆኑን በዓይናችሁ እያያችሁ ነው። እኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ የምወደው ያቺን መንሸራተት ማየት ነው።

"የዝናቡ" ነጥብ የት ይቀመጥ የሚለውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዛሬውን የኮርንዎል ዝናብ አታስቀምጡ። ያ ግራናይት ሲገባ ብሪታንያ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም ነበር፤ የሞቃት አገር ዝናብ ደግሞ ከቀዝቃዛው ይከብዳል። የእኛም አገር ጥሩ ምሳሌ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ በከፍታ ሕግ ዝናቧ ቀለል ማለት ነበረበት፤ ግን ከሚጠበቀው በላይ ከባድ ነው። ከሌላ አገር የተወሰደ ቁጥር ለኢትዮጵያ ፍል ውኃ ወይም ሸክላ ብታስገቡ ትሳሳታላችሁ። ለጥንቱ የአዶላ ወይም የወለጋ ግራናይት ደግሞ የዛሬው የአዲስ አበባ ዝናብም አይሆንም፤ በመካከላቸው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ አለ።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

- ነጭ ኳርትዝ ሁሉ አንድ ነው ብሎ መሰብሰብ።
- ሙቀቱን ከሌላ ሰው ጽሑፍ፣ ከሌላ ቬይን መዋስ። ጎረቤቱ ቬይን በ150 ዲግሪ ሊለይ ይችላል።
- ውሃውን ያለ ስሕተት ክልል መጻፍ። "6.7" አትበሉ። ሙቀቱ ከ325 እስከ 375 ከሆነ ውሃው "ከ6.0 እስከ 7.4" ነው።
- ሃይድሮጅንን ኳርትዙን በመጨፍለቅ ከሚወጣው ውሃ ለክቶ ሙሉ በሙሉ ማመን። ስትጨፈልቁት ቀዳሚውም ኋለኛውም ጠብታ አብሮ ይፈሳል። ሙስኮቫይት ካለ እሱን አስቀድሙ።
- ሰልፈር ዜሮ አካባቢ ስለወጣ ብቻ ማግማዊ ማለት። ደለልም በአማካይ ዜሮ ሊሰጥ ይችላል።
- የማይመቸውን ነጥብ ያለ ምክንያት ማውጣት። በደረጃ 8 ምክንያት ከሆነ ያወጣችሁት ምክንያቱን ጻፉ፤ ካልሆነ ይቆይ።

"የምችለው አሥር ልኬት ብቻ ነው፣ ምን ላድርግ?"

ይህም ሁሌ ይመጣል። እኔ ብሆን እንዲህ እከፍለው ነበር። ሦስት ለቀዳሚው ኳርትዝ፣ ከሦስት የተለያዩ ቬይኖች። ሁለት ለኋለኛው ኳርትዝ። ሦስት ለግራይዘኑ ሙስኮቫይት ሃይድሮጅን፣ ኳርትዙ ከተወሰደባቸው ከእነዚያው ቬይኖች ጠርዝ። አንድ ካልተነካው ግራናይት ለተለቀመ ኳርትዝ። አሥረኛው ከቀዳሚዎቹ ኳርትዞች የአንዱ ድግግሞሽ ነው፤ በሌላ ቁጥር፣ በሌላ ብልቃጥ፣ ለላቡ ሳትነግሩ ላኩት።